በወንዝ ጠጠር የበረዶ ዘመናትን የቆጠረው አልብሬክት ፔንክ

ወንዝ የተሸከመውን ሁሉ ይዞ አይዘልቅም። ጉልበቱ ሲደክም በመጀመሪያ ቋጥኙን ይጥላል፤ ቀጥሎ ጠጠሩን፣ ከዚያ አሸዋውን፣ በመጨረሻም ደለሉን ያራግፋል። በወንዝ ዳር ጉድጓድ የቆፈረ ገበሬ ይህን በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። ከላይ ለም አፈር፣ ከሥሩ ደለል፣ ዝቅ ሲልም በውኃ የታጠበና የተድበለበለ ጠጠር ያገኛል። ቆፋሪው ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ውኃው ቀርቧል ብሎ ይደሰታል እንጂ ያ ሁሉ ጠጠር ከየት እንደመጣና መቼ እንደተከመረ ብዙም አይጠይቅም።

ጀርመናዊው የመልክዓ ምድር ሊቅ አልብሬክት ፔንክ የዕድሜውን ትልቅ ክፍል የሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነበር። ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ ተነሥተው ወደ ዳኑብ በሚወርዱ ወንዞች ግራና ቀኝ የተከመረውን ጠጠር ንብርብር በንብርብር መረመረ። ከምርመራውም ግዙፍ ግግር በረዶ ከተራሮቹ የወረደው አንድ ጊዜ ብቻ እንዳልሆነ፣ አራት ጊዜ ወርዶ አራት ጊዜ ወደ ኋላ እንዳፈገፈገ ደመደመ። ይህ አቆጣጠር ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የዓለም ተመራማሪዎች መለኪያ ሆኖ አገልግሏል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከላይፕዚግ የተነሣው ወጣት

ፔንክ የተወለደው ሴፕቴምበር 25 ቀን 1858 በላይፕዚግ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ሮይድኒትስ በተባለች መንደር ነው። መንደሯ ዛሬ የከተማዋ አካል ሆናለች። በ1875 የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲን ተቀላቅሎ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ። ገና ተማሪ ሳለም በሳክሶኒ ግዛት የሥነ ምድር ቅየሳ ሥራ ተሠማርቶ በእግሩ ከመንደር መንደር እየዞረ አፈርና ድንጋይ ይመዘግብ ጀመር።

በዚያው በ1875 የሰሜን ጀርመንን የሥነ ምድር እውቀት የለወጠ ክስተት ተፈጸመ። በሰሜን ጀርመን ሜዳ ላይ ከስካንዲኔቪያ የመጡ ግዙፍ ድንጋዮች ተበትነው ይታያሉ። ያን ጊዜ ብዙዎቹ ሊቃውንት እነዚህን ድንጋዮች ያመጣቸው በጥንታዊ ባሕር ላይ ይንሳፈፍ የነበረ የበረዶ ተራራ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስዊድናዊው ኦቶ ቶሬል ግን በኖቬምበር ወር በበርሊን አቅራቢያ ወዳለው የሩደርስዶርፍ የኖራ ድንጋይ መቆፈሪያ ሄዶ በዓለቱ ላይ የተፋቁ ቀጥ ያሉ ጭረቶችን አየ። እንዲህ ያለውን ጭረት የሚያወጣው ድንጋይ በሆዱ ይዞ በዓለት ላይ የሚንፏቀቅ ግግር በረዶ ነው። ስለዚህ ቶሬል በረዶው በባሕር ላይ ተንሳፍፎ ሳይሆን በምድር ላይ እየተጎተተ ከስካንዲኔቪያ እስከ በርሊን መድረሱን አስታወቀ።

ወጣቱ ፔንክ ሐሳቡን ተቀብሎ አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው። በረዶው መጥቶ ከሆነ ስንት ጊዜ መጣ? ሲል ጠየቀ። በረዶ አድቅቆና አቡክቶ የሚተወው፣ ትልቅና ትንሽ ድንጋይ የተቀላቀለበት ጭቃ በአንዳንድ ቦታ አንድ ንብርብር ብቻ አይደለም። በመካከሉ ውኃ ያነጠፈው አሸዋና ጠጠር ይገኛል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ የበረዶ ጭቃ ተደርቦ ይታያል። ፔንክ በ1879 ባሳተመው ጥናት በረዶው ሰሜን ጀርመንን የሸፈነው ሦስት ጊዜ ነው የሚል መደምደሚያ አቀረበ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገና ሃያ ዓመት ያህል ነበር።

የጠጠሩ ምሥጢር

በ1880 ወደ ሙኒክ ተሻገረ። ከሙኒክ በስተደቡብ አልፕስ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከተማዋ ራሷ የተሠራችውም በሰፊ የጠጠር ሜዳ ላይ ነው። ፔንክ ከተራሮቹ ግርጌ እስከ ዳኑብ ድረስ ወንዞቹን ተከትሎ ወረደ፤ የመንገድ ቁርጥ፣ የጠጠር መቆፈሪያና የወንዝ ገደል በተገኘበት ሁሉ ቆሞ መረመረ። የጥናቱ ውጤት በ1882 በመጽሐፍ ታተመ፤ ሽልማትም አስገኘለት። በዚህ መጽሐፍ በአልፕስም ቢሆን በረዶው ደጋግሞ መውረዱን ጻፈ።

የማስረጃው አካሄድ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። ግግር በረዶ ከተራራ ሲወርድ ከፊቱ ያገኘውን አፈርና ድንጋይ ገፍቶ በጫፉ እንደ ካብ ይከምራል። በካቡ ውስጥ በኩል በረዶው ራሱ የተኛበት ጎድጓዳ ቦታ ይቀራል፤ በረዶው ሲቀልጥ ብዙውን ጊዜ ሐይቅ ይሆናል። ከሙኒክ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኙት የሽታርንበርግና የአመር ሐይቆች በዚህ መንገድ የተፈጠሩ ናቸው። በካቡ ውጭ በኩል ደግሞ ከበረዶው የሚፈስሰው ውኃ ያጠበው ጠጠር እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ሜዳ ይሆናል። ጎድጓዳው፣ ካቡና የጠጠር ሜዳው አንድ ላይ ሲገኙ የአንድ በረዶ የእጅ ሥራ መሆናቸው ይታወቃል። ፔንክ ሦስቱ እንደ አንድ ቤተሰብ እንዲታዩ ማድረጉ ከሥራዎቹ ሁሉ ዋነኛው ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የወንዙ ጠባይ ይመጣል። በበረዶው ዘመን ተራራው ተራቁቶ፣ ውርጭ ዓለቱን እየሰነጠቀ፣ ወንዙ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ጠጠር ይጫንበታል። የተጫነበትን ሁሉ መሸከም ያቃተው ወንዝ በሸለቆው ውስጥ ይጥለዋል፤ የሸለቆው ወለልም ከዓመት ዓመት ከፍ እያለ ይሞላል። በረዶው ወደ ኋላ ሲመለስ ዕፅዋት ተራራውን ያለብሱታል፤ ጠጠሩም ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሸክሙ የቀለለለት ወንዝ ቀድሞ የጣለውን ጠጠር ራሱ እየቆረሰ ወደ ታች ይሰረስራል። የድሮው ወለል በግራና በቀኝ ከፍ ብሎ እንደ እርከን ይቀራል።

በረዶው እንደገና ሲወርድ ወንዙ በአዲሱና ዝቅ ባለው ሸለቆ ውስጥ ሌላ ጠጠር ይሞላል፤ በረዶው ሲመለስ ያንንም ይሰረስረዋል። በዚህ ሁኔታ የወንዙ ዳር ደረጃ በደረጃ ይሆናል። ከሁሉ ከፍ ያለው እርከን ከሁሉ የቀደመው ነው፤ ከወንዙ አጠገብ ያለው ዝቅተኛው እርከን ደግሞ የመጨረሻው በረዶ ያወረደው ነው። ፔንክ እያንዳንዱን እርከን ወደ ላይ ወደ ተራራው ተከትሎ ከአንድ የበረዶ ካብ ጋር እንደሚገናኝ አሳየ። በተራራው ሥር ካቦቹ እርስ በርሳቸው ተፋቅተውና ተደምስሰው ቢገኙም በወንዙ ዳር ያሉት እርከኖች ለየብቻቸው ቆመዋል። በረዶው ራሱ ያጠፋውን ታሪክ ከበረዶው ርቆ የሚፈስሰው ወንዝ ጠብቆ አቆየው።

አፈር እንደ ሰዓት

እርከኖች በቁመት ብቻ አይለዩም፤ የላያቸው አፈርም ዕድሜያቸውን ይናገራል። ጠጠር ለዝናብና ለፀሐይ ከተጋለጠ በኋላ ከላይ ጀምሮ ይበሰብሳል፤ ኖራው ታጥቦ ይሄዳል፤ የተረፈው ወደ ቡናማና ቀይ አፈርነት ይለወጣል። በዝቅተኛው እርከን ላይ ይህ አፈር ስስ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ማረሻው ጠጠሩን ይነካል። ከእርሱ ከፍ ባለው እርከን ላይ የበሰበሰው አፈር ይጠልቃል። ነፋስ ከበረዶው ሜዳ አንሥቶ ያለበሰው ደቃቅ ብናኝ አፈርም ይደረብበታል፤ ይህ ብናኝ አፈር ለእርሻ እጅግ የሚመች ነው። ከሁሉ በላይ ባሉት የቆዩ ጠጠሮች ዘንድ ደግሞ ብስባሴው ብዙ ሜትር ድረስ ወደ ውስጥ ዘልቋል፤ የቀረው ጠጠርም በኖራ ተጣብቆ እንደ ግንብ ጠንክሯል።

ፔንክ ይህን ልዩነት እንደ ሰዓት ተጠቀመበት። ከመጨረሻው በረዶ ወዲህ በተቆጠረው ዘመን የበሰበሰው አፈር ይህን ያህል ከሆነ፣ ያንን ጥልቀት ለማበስበስ ስንት ጊዜ እጥፍ ዘመን አስፈለገ? በዚህ ስሌት በመጨረሻዎቹ ሁለት በረዶዎች መካከል የነበረውን ሞቃታማ ዘመን 60 ሺህ ዓመት ያህል ገመተው፤ ከእርሱ የቀደመውንና ረጅሙን ሞቃታማ ዘመን ደግሞ 240 ሺህ ዓመት ያህል። ያን ጊዜ የድንጋይን ዕድሜ በቤተ ሙከራ የሚለካ መሣሪያ አልነበረም። ፔንክ የነበረው አካፋ፣ ሜትርና ዓይን ብቻ ነው።

በበረዶዎቹ መካከል በእርግጥ ሙቀት እንደነበረ የሚያሳምን ሌላ ማስረጃ በኦስትሪያዋ ኢንስብሩክ ከተማ አጠገብ ተገኘ። በሆቲንግ በኩል ከተራራው የተንከባለለ ስብርባሪ ድንጋይ ተጣብቆ ዓለት ሆኗል፤ የከተማዋ ሰዎችም ለቤት መሥሪያ ይጠርቡት ነበር። በዚህ ዓለት ውስጥ የቅጠል አሻራ አለ፤ ከቅጠሎቹም መካከል ዛሬ ዝርያው በጥቁር ባሕር አካባቢ የሚበቅል፣ ሙቀት የሚወድ ቁጥቋጦ ይገኝበታል። ከዓለቱ በላይም በታችም ደግሞ በረዶ የተወው ጭቃና ድንጋይ አለ። ስለዚህ በረዶው መጥቶ ሄደ፤ ተራራው ለምለም ሆነ፤ ከዚያም በረዶው እንደገና መጣ። ፔንክ ይህን ቦታ የክርክሩ ማሰሪያ አድርጎ አቀረበው። በረዶው የወረደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ለሚሉት ተከራካሪዎች ይህ ከባድ ጥያቄ ነበር።

አራቱ ወንዞች

በ1885 ፔንክ በቪየና ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ዕድሜው ገና 27 ዓመት ገደማ ነበር። በ1886 የታዋቂውን ደራሲ የሉድቪግ ጋንግሆፈርን እኅት ኢዳን አገባ። በ1894 ስለ ምድር ገጽ አፈጣጠር በሁለት ቅጽ ያሳተመው መጽሐፍ በዘርፉ ቀዳሚ መማሪያ ሆነ።

የበረዶውን ጥናት ግን አልተወም። የቀድሞ ተማሪው ከነበረው ከኤድዋርድ ብሩክነር ጋር አልፕስን ከዳር እስከ ዳር ተከፋፍለው አጠኑ። በኢለርና በሌክ ወንዞች መካከል ባለው አምባ ላይ ፔንክ ቀድሞ ሦስት ብሎ የቆጠራቸውን ጠጠሮች እንደገና ሲመረምር አራት ሆነው አገኛቸው፤ ከዚህ በኋላ የራሱን የቀድሞ ቁጥር አረመ። የሁለቱ ሰዎች ሥራ ከ1901 እስከ 1909 ድረስ በሦስት ትልልቅ ቅጾች ታትሞ ወጣ።

አራቱን የበረዶ ዘመናት በአካባቢው በሚፈስሱ ትናንሽ ወንዞች ስም ሰየሟቸው፤ ከቀደመው ጀምሮ ጉንዝ፣ ሚንደል፣ ሪስና ቩርም ተባሉ። ስሞቹ በላቲን ፊደል ቅደም ተከተል የተሰለፉ ናቸው፤ በፊታቸውም ሆነ በመካከላቸው ሌላ ስም ለማስገባት ቦታ አለ። ሁለቱ ሊቃውንት በበረዶው ዘመን በአልፕስ በረዶ የማይጠፋበት ከፍታ ከዛሬው በ1,200 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ እንደነበረም አሰሉ። በአካባቢው ገበሬ እንጂ በዓለም የማይታወቁት እነዚያ ወንዞች ስማቸው በሁሉም አህጉር መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገባ።

ካርታ፣ እንጀራና ጦርነት

ፔንክ የዓለምን ካርታም አንድ ወጥ ለማድረግ ደክሟል። በ1891 በበርን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦግራፊ ጉባኤ ላይ መላው ዓለም በአንድ መስፈርት፣ 10 ኪሎ ሜትሩ በአንድ ሳንቲ ሜትር እየተወከለ፣ ካርታ እንዲነሣለት ሐሳብ አቀረበ። መንግሥታት ሐሳቡን ተቀብለው ለብዙ አሥርት ዓመታት ሠርተውበታል፤ ሆኖም ካርታው እንደታሰበው ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። በ1906 ወደ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ በ1917 የዩኒቨርሲቲው መሪ ሆኖ ተመረጠ።

በ1925 ደግሞ ምድር ስንት ሰው መመገብ ትችላለች የሚለውን ጥያቄ አነሣ። የየአየር ንብረቱን መሬትና ምርት አስልቶ 8 ቢሊዮን ለሚጠጋ ሰው ቀለብ ሊገኝ እንደሚችል፣ የመጨረሻው የሚታሰበው ጣሪያ ግን 16 ቢሊዮን ያህል መሆኑን ጻፈ። በዘመኑ የዓለም ሕዝብ 2 ቢሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2022 ደግሞ 8 ቢሊዮን አልፏል። ስሌቱ የምርጥ ዘርንና የማዳበሪያን ዕድገት ያላየ ቢሆንም፣ የአፈርን አቅም ከሕዝብ ቁጥር ጋር አያይዘው ከለኩት ቀዳሚ ሙከራዎች አንዱ ነው።

ሕይወቱ ግን በምስጋና ብቻ የሚነገር አይደለም። በ1914 ለሳይንስ ጉባኤ ወደ አውስትራሊያ ተጉዞ ሲመለስ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ በእንግሊዝም በስለላ ተጠርጥሮ ለተወሰነ ጊዜ ታግዶ ቆየ። ከጦርነቱ በኋላ በተሸነፈች አገሩ ውስጥ የብሔርተኝነት ስሜቱ እያየለ ሄደ። በ1925 ጀርመኖች የሚኖሩበትንና ጀርመናዊ ባህል ያለማው ነው ያለውን መሬት ከአገሪቱ ድንበር አሻግሮ የሚያሳይ ጽሑፍና ካርታ አወጣ። ያ አስተሳሰብ የጎረቤትን መሬት ለሚመኙ ሰዎች ሳይንሳዊ ልብስ ሆነላቸው፤ በኋላም ናዚዎች ለወረራቸው ማመካኛ አደረጉት። ወንዝ የከመረውን ጠጠር በጥንቃቄ የለየ ሰው የሰዎችን መኖሪያ በአንድ ቀለም ሲቀባ ያንን ጥንቃቄ አላሳየም። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ፔንክ ሲጽፉ ይህንን ከስኬቶቹ ጎን ያስቀምጡታል።

የግል ሐዘንም አልቀረለትም። ልጁ ቫልተር የአባቱን መንገድ ተከትሎ ስለ ተራሮችና ሸለቆዎች አፈጣጠር አዲስ ሐሳብ ያመነጨ ተመራማሪ ነበር፤ በ1923 በካንሰር ሕመም በ35 ዓመቱ አረፈ። አባትየው ያልተጠናቀቀውን የልጁን መጽሐፍ አሰናድቶ በቀጣዩ ዓመት አሳተመው። መጽሐፉ ዛሬም በዘርፉ ይጠቀሳል። ፔንክ በ1927 ከበርሊን ዩኒቨርሲቲ በጡረታ ተሰናበተ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሁለት ወራት ሲቀሩት፣ ማርች 7 ቀን 1945፣ በፕራግ ከተማ በ86 ዓመቱ አረፈ።

ከአራት በላይ የሆነው ቁጥር

አራቱ በረዶዎች ፔንክ በሕይወት ሳለ ጀምሮ አራት ሆነው አልቀሩም። በ1930 ከጉንዝ የቀደመ ሌላ ጠጠር ተለይቶ ዶናው ተባለ፤ ይህም የዳኑብ ወንዝ ጀርመንኛ ስም ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ከእርሱ የሚቀድመው ቢበር ተጨመረ። በላቲን ፊደል ሁለቱም ስሞች ከጉንዝ በፊት የሚሰለፉ በመሆናቸው የተተወላቸው ቦታ አልጠበበም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከባሕር ወለል ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች ከውቅያኖስ ሥር በቱቦ እየወጉ ባወጡት ደለል ውስጥ የጥቃቅን ፍጥረታትን ዛጎል መርምረው የቅዝቃዜንና የሙቀትን መፈራረቅ አነበቡ። ባለፉት 800 ሺህ ዓመታት ብቻ ስምንት ያህል ታላላቅ የበረዶ ዘመናት መፈራረቃቸውም ታወቀ። በባሕር ወለል ደለል ሳይቋረጥ ይከማቻል፤ ወንዝ ግን የጻፈውን መልሶ ይሰረስራል። ስለዚህ በወንዝ ዳር የተረፈው የታሪኩ ከፊል ገጽ ነው። ችግሩን ያባባሰው ደግሞ የተከታዮቹ ልማድ ነበር፤ በሌሎች አህጉራት የተገኘውን ማስረጃ ሁሉ በአራቱ ስሞች ውስጥ ለማስገባት የሞከሩ ብዙዎች ናቸው።

በኢትዮጵያም ግግር በረዶ የነበረባቸው ተራሮች አሉ። በባሌና በአርሲ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በሰሜን ተራሮችም በራስ ደጀን አካባቢ ጥንታዊ በረዶ የከመራቸው የድንጋይ ካቦች ተገኝተዋል፤ ዛሬ ግን በአገሪቱ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ግግር በረዶ የለም። በባሌና በአርሲ የተደረገው የዕድሜ ልኬት እንዳሳየው በረዶው እጅግ የተስፋፋው በአልፕስ የመጨረሻው በረዶ ከፍተኛ ደረጃ ከደረሰበት ጊዜ ቀደም ብሎ ነው። የአንድ አካባቢ አቆጣጠር ለሌላው ሳይመረመር ሊወሰድ እንደማይገባ ይህ ጥሩ ምስክር ነው።

ሪስና ቩርም የሚሉት ስሞች ግን ዛሬም በአልፕስ ግርጌ በሚሠሩ ካርታዎች ላይ አሉ። የፔንክ ቁጥር ተሻሽሏል፤ መንገዱ ግን ጸንቷል። እርከንን ከካብ ጋር ማገናኘት፣ ጠጠርን በላዩ ባለው አፈር ጥልቀት ማወዳደር፣ በሁለት የበረዶ ጭቃዎች መካከል የተቀበረ ቅጠል መፈለግ ዛሬም የሥራው መጀመሪያ ነው። በደቡብ ጀርመን ከዝቅተኛው እርከን ተነሥቶ ወደ ላይኛው የሚወጣ ገበሬም ልዩነቱን በማረሻው ያውቀዋል፤ ከታች ስስና ጠጠራማ፣ ከላይ ወፍራምና ለም አፈር ያርሳል።